የዩኩሌሌዬ ክር ተበጠሰ፤ ነገ ልጆች የሚዘምሩበት ዝግጅት አለ

መምህርት ከግሽ ዓባይ፦
ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ ትንሽ ጊታር የሚመስለውን ዩኩሌሌዬን እየቃኘሁት ሳለ አንዱ ክሩ ተበጠሰ። ነገ ከሰዓት በኋላ በአጸደ ሕፃናቱ የዓመት መዝጊያ ላይ ልጆቹ ሲዘምሩ የማጅባቸው እኔ ነኝ። መሣሪያው ከውጭ የመጣ በመሆኑ መለዋወጫ ክሩን ባሕር ዳር ውስጥ ጠይቄ አላገኘሁም። የምጠቀምባቸው ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ሲ፣ ኤፍ፣ ኤ ማይነርና ጂ ሰባት ናቸው። እባካችሁ በቶሎ አንድ መላ በሉኝ።

የሽምብጡ፦
የጊታር ክር ገዝተው ይሰሩበት፤ ጊታር የሚሸጥ ሱቅ አይጠፋም።

የክራር ወዳጅ፦
እህቴ፣ የልጆቹ መዝሙር በትዝታ ቅኝት ከሆነ ለምን በክራር አያጅቧቸውም? ክራር አምስት ወይም ስድስት ክሮቹ ለቅኝቱ ተብለው የሚቃኙ ናቸው፤ ልጆቻችንም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጆሯቸው የአገራቸውን ድምፅ ቢለምድ ይሻላል።

ጡረተኛ የሙዚቃ መምህር፦
ዩኩሌሌ የተወለደው በሃዋይ ሲሆን መነሻው ከማዴይራ ደሴት የሄዱ ፖርቱጋላውያን በ1879 እ.ኤ.አ. ይዘውት የገቡት ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ ነው። ከላይ ወደ ታች ሲቆጠር ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ተብሎ ይቃኛል፤ በተለመደው አቃኛኘት ግን ከላይ ያለው ጂ ወፍራም ድምፅ ሳይሆን ከሲና ከኢ የቀጠነ ድምፅ አለው። ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የመፍትሔው ዓይነት በተበጠሰው ክር ይወሰናል። ልጄ፣ የትኛው ነው የተበጠሰው?

መምህርት ከግሽ ዓባይ፦
ወደ መሬት ያለው፣ ኤ ነው። ለክራር ወዳጅ፦ ክራር አከብራለሁ፣ ነገር ግን መደርደር አልችልም፤ በአንድ ሌሊትም አልማረውም።

ከዓባይ ማዶ፦
እኔም የጊታር ክር ነው የምለው።

ጡረተኛ የሙዚቃ መምህር፦
የብረት ክር ከሆነ ፈጽሞ እንዳይሞክሩት። ዩኩሌሌ ለናይለን ክር የተሠራ ስለሆነ የብረቱ ውጥረት ክሩ የሚታሰርበትን እንጨት ሊነቅለው ይችላል። ጣት ላይ ጠጠር ቢልም የክላሲክ ጊታር ቀጭኑ ናይለን ክር ይሠራል።

አጥማጁ፦
ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ነገ አንድ ቀን ይረፍ! ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር ወርደው ዓሣ አጥማጆችን 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ ያልተገመደ ወጥ የናይለን ክር ይጠይቁ፤ የመረብ ገመድ አይሆንም። የእኔ ትንሿ ዩኩሌሌ በዚሁ ክር ትሠራለች። ጫፉን ደርበው ቋጥረው በመታሰሪያው ስንጥቅ ያስገቡት፣ መቃኛው ላይ ሁለት ሦስት ዙር ይጠምጥሙት። አዲስ ናይለን ለቀናት እየተሳበ ቅኝቱ ይወርዳል፤ ስለዚህ በየጊዜው መሐሉን በጣትዎ ቀስ ብለው ወደ ላይ እየሳቡ መልሰው ይቃኙት፤ ሊጀምሩ ሲሉም አንድ ጊዜ ይቃኙት።

የጣና ልጅ፦
ክሩ ባይገኝ እንኳ ዝግጅቱ አይቀርም። የቀሩት ሦስት ክሮች ጂ፣ ሲና ኢ ናቸው፤ ምንም ጣት ሳያሳርፉ ቢመቷቸው የሚሰማው ራሱ የሲ ኮርድ ነው። የመሐል ጣትዎን ጂ ክር ላይ ሁለተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በብረት የተከፈለው ቦታ) ላይ ሲያሳርፉ ኤ ማይነር ይሆናል፤ እሱን ሳያነሱ አመልካች ጣትዎን ኢ ክር ላይ አንደኛው ፍሬት ላይ ሲጨምሩ ኤፍ ይሆናል። የኤ ክር በእነዚህ ኮርዶች ውስጥ የሚጨምረው ሌላ ክር ላይ ያለውን ድምፅ ስለሆነ ሦስቱም ሙሉ ናቸው። ጂ ሰባት ብቻ ቢ የተባለው ድምፅ ይጎድለዋል፤ ሲ ክር ላይ ሁለተኛውን፣ ኢ ክር ላይ አንደኛውን ፍሬት ይዘው ቢመቱት ግን ልጆቹ ቢን ሲዘምሩት ጉድለቱ አይሰማም። አመታቱን አያብዙት፤ በአመልካች ጣት ጥፍር ወደ ታች፣ በጣቱ ሥጋ ወደ ላይ፣ አንጓዎን ሳያደርቁ ይምቱ።

የክራር ወዳጅ፦
ክራር ይሻላል ያልኩትን አልለውጥም፤ መዝሙሩ በትዝታ ሜጀር ከሆነ ግን ዜማው በእነዚሁ ሦስት ክሮች ይወጣል። ሲ ክር ባዶውን ሲ፣ በሁለተኛው ፍሬት ዲ፤ ኢ ክር ባዶውን ኢ፤ ጂ ክር ባዶውን ጂ፣ በሁለተኛው ፍሬት ኤ። ልጆቹ ከመጀመራቸው በፊት መግቢያውን በዜማ ይጫወቱላቸው፣ ድምፃቸውን ከዚያ ይይዛሉ።

መምህርት ከግሽ ዓባይ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲና ኤ ማይነር አሁኑኑ ወጡ፤ ኤፍን ስይዝ ግን ኢ ክር ይንጫጫል።

የጣና ልጅ፦
አመልካች ጣትዎን በፍሬቱ መሐል ሳይሆን ወደ አንደኛው ብረት አስጠግተው ከኋላው ይጫኑት፤ ብረቱ ላይ ግን አይውጡ። ያኔም ቢንጫጫ የመሐል ጣትዎ ወደ ታች ተኝቶ ክሩን እየነካው ሊሆን ስለሚችል በጫፉ ቀጥ አድርገው ያቁሙት።