የእንግሊዝኛ ምሩቅ መማሩን በምን እንወቅ? በመውጫ ፈተና ወይስ በጻፈው ጽሑፍ?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ አንድ የዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ተማሪዎቹ የሚጠበቅባቸውን ተምረው መውጣታቸውን ለማወቅ ለሁሉም አንድ የምርጫ ጥያቄ ፈተና ይስጥ? ወይስ ተማሪዎቹ የጻፉትን ሰብስቦ ያንብብ?

የሥነ ጽሑፍ መምህርት (ጥያቄውን ያነሣችው)

ከቃሉ ልጀምር። በአማርኛ «ውጤት» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ተሸክሟል። ተማሪው በትራንስክሪፕቱ ላይ ያገኘው ኤ ወይም ቢ ውጤት ይባላል፤ ከዓመታት ትምህርት በኋላ ማድረግ የቻለው ነገርም ውጤት ይባላል። ክርክራችን የሚደፈርሰው እዚህ ላይ ነው። «ተማሪዎቻችሁ ምን ተማሩ?» ስንባል ስንቱ ኤ፣ ስንቱ ቢ እንዳገኘ ቆጥረን እናቀርባለን። ቢ ያገኘው ልጅ አንድ ልቦለድ አንብቦ የራሱን ክርክር መገንባት ይችላል ወይ? ፊደሉ ይህን አይናገርም። ሥራውን በሰዓቱ ማስረከቡ፣ ከክፍል አለመቅረቱ፣ የአጋማሽ ፈተናው፣ የቡድን ሥራው፣ አንዳንዴም የመምህሩ ርኅራኄ በአንድ ፊደል ውስጥ ተቀላቅለዋል።

አሁን ደግሞ መቶ የምርጫ ጥያቄ ያለው ፈተና ለሁሉም ተመራቂ ይሰጥ የሚል ሐሳብ መጥቷል። እቃወማለሁ። በብዙ ትምህርት ክፍሎች ሰነድ ላይ «ተማሪው አንድን ጽሑፍ በጥልቀት አንብቦ ክርክሩን ከጽሑፉ በወሰደው ማስረጃ አስደግፎ ይጽፋል» የሚል ግብ ሰፍሯል። ግሱ «ይጽፋል» ነው። ፈተናው የሚያዘው ግን እንዲያጠቁር ነው። ሶኔት የሚባለው የግጥም ዓይነት 14 ስንኝ እንዳለው የሚያውቅ ተማሪ፣ በጣሊያናዊው ሶኔት ሐሳቡ በተለምዶ 9ኛው ስንኝ ላይ ለምን እንደሚታጠፍ፣ መታጠፉም በግጥሙ ስሜት ላይ ምን እንደሚለውጥ ማስረዳት ላይችል ይችላል። እኔ በየቀኑ ለማስተማር የምደክመው ይህን ሁለተኛውን ነው።

የማቀርበው አማራጭ ይህ ነው፦ ከመጨረሻው ዓመት ጽሑፎች 40 በዕጣ ይውጡ፤ ስም ይሸፈን፤ ኮርሱን ያላስተማሩ ሁለት ሁለት መምህራን በጋራ የማረሚያ መስፈርት ያንብቧቸው፤ ሲራራቁ ሦስተኛ ሰው ያንብብ። ከንባቡ በፊት ደግሞ ግማሽ ቀን አብረን እንለማመድ።

የፈተና ዝግጅት ባለሙያ

መምህርት፣ ስለ «ውጤት» ያሉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ቀሪውን አልቀበልም። ድርሰት አራሚዎች ምን ያህል እንደሚለያዩ በግምት አይደለም የምናውቀው። እ.ኤ.አ. በ1961 ፖል ዲደሪክና ባልደረቦቹ በአሜሪካው የፈተና አዘጋጅ ድርጅት በኤጁኬሽናል ቴስቲንግ ሰርቪስ ባወጡት ጥናት 53 አንባቢዎች 300 የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ድርሰቶችን በ9 ደረጃዎች እንዲመድቡ ተደርገው ነበር። ከእነዚያ ውስጥ 101 ድርሰቶች ከ1 እስከ 9 ያለውን ደረጃ በሙሉ አገኙ። ከ5 ያነሰ የተለያየ ደረጃ የተሰጠው አንድም ድርሰት አልነበረም። ያው ወረቀት ለአንዱ አንባቢ እጅግ ምርጥ፣ ለሌላው የመጨረሻ ደካማ ሆነ ማለት ነው።

የምርጫ ጥያቄ ጉድለት እንዳለበት አውቃለሁ፤ ሥራዬ ስለሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ነገር ግን ጠዋት ቢታረም ማታ፣ በደከመው ሰው ቢታረም በነቃው፣ ነጥቡ ያው ነው። አራሚው ለማይወደው ተማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ፍትሕ ነው። አስተማማኝነት የጎደለው ምዘና የሚነግረን ስለ ተማሪው ሳይሆን ስለ አራሚው ነው።

የሥነ ጽሑፍ መምህርት

ጥናቱን ስላነሡት አመሰግናለሁ፤ እስከ መጨረሻው ሲነበብ የሚመሰክረው ለእኔ ነው። 53ቱ ሰዎች የእንግሊዝኛ መምህራን ብቻ አልነበሩም። የማኅበራዊና የተፈጥሮ ሳይንስ መምህራን፣ ጸሐፊዎችና አርታኢዎች፣ ጠበቆች፣ የንግድ ሥራ ኃላፊዎችም ነበሩባቸው። የጋራ መመዘኛ አልተሰጣቸውም፤ እያንዳንዱ በገዛ ሚዛኑ እንዲፈርድ ተተወ። አጥኚዎቹ ከልዩነቱ ሥር ወርደው ሲመረምሩ ግን አምስት የአንባቢ ወገን አገኙ። አንዱ ወገን ለሐሳብ ያደላል፤ አንዱ ለሰዋስውና ለፊደል ግድፈት፤ አንዱ ለአደረጃጀት፤ አንዱ ለቃላት አመራረጥ፤ አንዱ ደግሞ ለጸሐፊው ድምፅና ለዛ። እንግዲህ አንባቢዎቹ በዘፈቀደ አልፈረዱም፤ እያንዳንዳቸው በዚያው ወረቀት ላይ የተለያየ ነገር ይፈልጉ ነበር። መድኀኒቱ ታዲያ ምን እንደምንፈልግ አስቀድመን መስማማት ነው እንጂ ድርሰቱን መተው አይደለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆንብን።

ያቺን ግማሽ ቀን የለመንሁትም ለዚህ ነው። ሁላችንም ያንኑ አምስት ጽሑፍ እናነባለን፣ ነጥባችንን እናወጣለን፣ ከዚያ ለምን እንደተለያየን እንከራከራለን። እንዲህ ዓይነት ቀን ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። ለአሥር ዓመት ጎን ለጎን ያስተማሩ ሁለት ባልደረቦቼ «ማስረጃ» የሚለውን ቃል በተለያየ መንገድ ሲረዱ እንደኖሩ ያወቁት በዚያ ቀን ነበር። አንዱ ጥቅስ ከተቀመጠ በቂ ነው ይላል፤ ሌላዋ ጥቅሱ ካልተተነተነ ማስረጃ አይደለም ትላለች። ተማሪው ደግሞ በሁለቱም ክፍል ተቀምጦ ግራ ሲጋባ ኖሯል! ይህን የትኛው የምርጫ ጥያቄ ያወጣልናል?

ሌላም አለ። እኛ አንድን ተማሪ ልንጥል ወይም ልናሳልፍ አይደለም የምናነበው። የፈለግነው የመርሐ ግብሩን ጤና ነው። በአንድ ወረቀት ላይ የተሠራ ስሕተት በ40 ወረቀት ውስጥ ይቻቻላል።

የቋንቋ ክህሎት መምህር

አንድ ነገር ተዘንግቷል። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ተማሪዎች ይህ ዲግሪ ሁለት ግብ አለው፦ ቋንቋውና ሥነ ጽሑፉ። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የቋንቋ ብቃት ማዕቀፍ ከኤ1 እስከ ሲ2 ስድስት ደረጃ ዘርግቶ፣ በየደረጃው ተማሪው ምን ማድረግ እንደሚችል በግልጽ ዐረፍተ ነገር አስቀምጧል። የማዳመጥና የማንበብ ብቃት በደንብ በተዘጋጀ ፈተና ይለካል፤ የምርጫ ጥያቄም ቦታ አለው። ቤቱ ተቀምጦ በሚጽፈው ድርሰት ተማሪው የሚያውቃቸውን ቃላት ብቻ መርጦ ድክመቱን መሸፈን ይችላል። ሲያዳምጥ ግን የሚመርጠው ነገር የለም።

የሥነ ጽሑፍ መምህርት

በዚህ ተረትቻለሁ። ቋንቋው በቋንቋ ፈተና ይለካ። እኔ የምጣላው ያንን ፈተና የዲግሪው ሁሉ ምስክር ከሚያደርገው ሐሳብ ጋር ነው።

ጡረታ የወጡ የሥነ ጽሑፍ መምህር

ልጄ፣ አንቺም ሆንሽ ባለሙያው በአንድ ነገር ተስማምታችሁ ነው የምትከራከሩት፤ ሁለታችሁም ሥነ ጽሑፍ ይለካል ትላላችሁ። እኔ ብዙ ዓመት አስተምሬአለሁ። በክፍል ውስጥ ያንቀላፋ የመሰለኝ ተማሪ ከዓመታት በኋላ መንገድ ላይ አግኝቶኝ አንድ ግጥም በቃሉ አነበነበልኝ፤ ልጁ ሲሞትበት ያ ግጥም እንዳቆመው ነገረኝ። ይህን በማረሚያ መስፈርትሽ የት ታስቀምጭዋለሽ? መለካት ስትጀምሩ የሚለካውን ብቻ ማስተማር ትጀምራላችሁ።

የሥነ ጽሑፍ መምህርት

ጋሼ፣ የነገሩን ነገር ልቤን ነክቶታል። ወደዚህ ሙያ የገባሁትም እንደዚያ ባለ ግጥም ነው። ነገር ግን ያ ተማሪ ግጥሙን ያገኘው እርስዎ እንዴት እንደሚነበብ ስላሳዩት ነው። ማሳየትዎን ደግሞ በዚያው ዓመት ማየት ይቻል ነበር፤ ምን እንዳደረገለት ማየት ባይቻልም እንኳ። እኔ ሐዘኑን አልለካም። ስንኙን አንብቦ ምን እንደሚል፣ ምን እንደማይል መለየት መቻሉን ግን አነባለሁ። እኛ «የምናስተምረው አይታይም» ብለን ዝም ካልን ምን እንደሚታይ ሌላ ሰው ይወስንልናል፤ ይኸው መቶ የምርጫ ጥያቄ ይዞ መጥቶልናል።

የቀድሞ የትምህርት ክፍል ኃላፊ

ፈተናም ይሁን ድርሰት፣ እኔን የሚያስፈራኝ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ዶናልድ ካምቤል የተባለው አሜሪካዊ የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስጠነቀቀው ነገር አለ፤ አንድ ቁጥር ለውሳኔ በዋለ መጠን ሰዎች ያጣምሙታል፣ ቁጥሩም ሊለካው የቆመለትን ሥራ ያበላሻል። እኔ ራሴ አጣምሜአለሁ። ኃላፊ በነበርሁበት ቦታ 12 ግቦች ተሰጥተውን፣ ለእያንዳንዳቸው ስንት በመቶ ተማሪ እንደሚያሟላ አስቀድመን እንድንጽፍ ታዘዝን። እንዳይጎድል ብለን ዝቅ አድርገን ጻፍን፤ እንደ ጻፍነውም ሞላ። ሰንጠረዡ ተላከ። ማንም መልሶ አልጠየቀንም፤ በክፍል ውስጥም አንድ ነገር አልተለወጠም። ያንን ሰንጠረዥ ስሞላ ያመሸሁባቸው ምሽቶች አሁንም ይቆጩኛል፤ የተማሪ ጽሑፍ ላነብባቸው የምችል ምሽቶች ነበሩ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። በዓመት አንድ ግብ ብቻ ይመርመር። የንባቡም ውጤት ለመምህር የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ፈጽሞ አይዋል። ሁለተኛው በጽሑፍ ካልተረጋገጠ እኔ የማንንም ተማሪ ወረቀት ለዕጣ አልሰጥም።

አንዲት ያለፈው ዓመት ምሩቅ

መምህራን ስትነጋገሩ ጣልቃ በመግባቴ ይቅርታ። መስፈርት፣ መመዘኛ ስትሉ እሰማለሁ። እኔ የማረሚያ መስፈርት የሚባል ነገር ያየሁት የመመረቂያ ጽሑፌ ከታረመ በኋላ፣ ከወረቀቱ ጀርባ ተያይዞ ነው። ቀድሞ ቢሰጠኝ ኖሮ የምጽፈው ሌላ ነበር። እባካችሁ በምን እንደምትመዝኑን መጀመሪያ ለእኛ ንገሩን።

ሌላው፣ ከተመረቅሁ በኋላ የአንደኛ ዓመት ድርሰቴንና የመጨረሻውን ጎን ለጎን አድርጌ አነበብሁ። በመጀመሪያው ላይ ታሪኩን ብቻ ነው መልሼ የተረክሁት፤ በመጨረሻው ላይ እከራከራለሁ። መማሬን ያመንሁት ያን ጊዜ ነው፤ ስመረቅ ከተሰጠኝ ወረቀት አይደለም። ለምን ሁላችንም ይህን እንድናደርግ አይደረግም?

የፈተና ዝግጅት ባለሙያ

እኅቴ፣ ያልሽው ትክክል ነው፤ መስፈርቱን የደበቀ ፈታኝ ጥፋቱ የራሱ ነው።

መምህርት፣ ወደ እርስዎ ልመለስ። ሁለት ጥያቄ አለኝ፤ ሁለቱም ከባድ ናቸው። የመጀመሪያው፦ ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጽፉ ፕሮግራሞች በሁሉም እጅ አሉ። ከቤት የመጣው ጽሑፍ የተማሪው መሆኑን በምን ያውቃሉ? ሁለተኛው፦ ስሕተት በብዛት ይቻቻላል ያሉት ስሕተቱ ወዲህም ወዲያም ሲወዛወዝ ነው። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ 40 ቢያነቡ 400 አይስተካከልም። መምህራን ደግሞ ለራሳቸው ትምህርት ክፍል ልጆች ያዘነብላሉ። ክፋት የለበትም፤ ግን ያዘነብላሉ።

የሥነ ጽሑፍ መምህርት

በመጀመሪያው ላይ የማስመስለው ነገር የለም፤ የቤት ጽሑፍ ብቻውን ምስክር መሆኑ አብቅቷል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በካምብሪጅ የሥነ ጽሑፍ ሐያሲው አይ ኤ ሪቻርድስ ለተማሪዎቹ የገጣሚው ስም ያልተጻፈባቸውን ግጥሞች እየሰጠ አስተያየታቸውን በጽሑፍ ይሰበስብ ነበር፤ የደረሰበትን እ.ኤ.አ. በ1929 አሳተመው። ብዙዎቹ፣ በዚያ ደረጃ የሚማሩት ሳይቀሩ፣ የግጥሙን ግልጽ ፍቺ እንኳ ይስቱ እንደነበር አሳየ። የታወቀ ስም ካልተነገራቸው የሚደገፉበት አልነበራቸውም። እኔም ያንን ነው የምፈልገው፦ ከቤት ከመጣው ጽሑፍ ጎን፣ በአዳራሽ፣ በሁለት ሰዓት፣ አይተውት ስለማያውቁት አጭር ጽሑፍ ይጻፉ። ሁለቱ እጅግ ከተራራቁ ተማሪውን አስቀምጠን ስለ ጽሑፉ አሥር ደቂቃ እናነጋግረው።

በሁለተኛው ላይ መልስ የለኝም። ማዘንበላችንን አውቃለሁ።

የፈተና ዝግጅት ባለሙያ

እንግዲያው እኔ መልስ ላምጣ። ከ40ው የመጨረሻ ዓመት ጽሑፍ ጋር 20 የሁለተኛ ዓመት ጽሑፍ ይቀላቀል። በአዳራሹ፣ በዚያው ጥያቄ ላይ፣ በዚያው ሰዓት የተጻፉ ይሁኑ። ሁሉም በአንድ ዓይነት ፊደል ተተይበው፣ ስምም ዓመትም ሳይታይባቸው በአንድ ክምር ይቅረቡ። መምህራን ቢያዘነብሉም ለየትኛው እንደሚያዘነብሉ አያውቁም። ሲያበቃ እንከፍተዋለን። ሁለቱ አንባቢዎች ስንት ጊዜ እንደተስማሙ፣ ስንት ጊዜ እንደተራራቁም ቆጥራችሁ ለሁሉም ታሳያላችሁ። ይህ ከተደረገ የምርጫ ጥያቄውን ለቋንቋው ብቻ እንዲሆን እኔም እደግፋለሁ።

የቀድሞ የትምህርት ክፍል ኃላፊ

የመጨረሻ ዓመቶቹ ከሁለተኛ ዓመቶቹ ባይበልጡስ?

የሥነ ጽሑፍ መምህርት

ይህን ጥያቄ ካነበብሁ ጀምሮ መልስ ሳልጽፍ ቆይቻለሁ። ባይበልጡ፣ ያ የእኔም ኮርስ ነው፤ ሁለት መንፈቀ ዓመት የማስተምረው እኔ ነኝ። እፈራዋለሁ። ቢሆንም ክምሩ ይቀላቀል። የማረሚያ መስፈርቱም በዚህ ሳምንት ለተማሪዎቹ ይሰጥ፤ ምሩቋ ልጃችን መጥታ ቃላቱ ለተማሪ ይገቡ እንደሆነ ቀድማ ታንብብልን። ጋሼ፣ እርስዎም ሦስተኛው አንባቢ ይሁኑልን፤ እኛ የማናየውን ያዩ ይሆናል።

ጡረታ የወጡ የሥነ ጽሑፍ መምህር

ሐሳቤን አልለወጥሁም። ግን የልጆች ጽሑፍ ካነበብሁ ዘመን ሆኖኛል። እመጣለሁ፤ ወረቀቶቹን በትልቅ ፊደል አትሙልኝ።