ሴሚናር ላይ አፌ ተሳሰረ

ጀርመን ማስተርሴን ከጀመርኩ ሰባተኛ ወሬ ነው። ትምህርቱ አልከበደኝም። የጽሑፍ ፈተና ላይ 1.7 አግኝቻለሁ (እዚህ ትልቁ 1.0 ነው፣ 5.0 ከመጣ ወድቀሃል)። የጨነቀኝ ሴሚናሩ ነው።

12 ሆነን ጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጣለን። መጀመሪያ ላይ አመልካች ጣት እያነሱ ነው የሚናገሩት። ክርክሩ ሲጦፍ ግን ጣቱም ይረሳል፤ አንዱ ከአንዱ አፍ ይቀማል። ፕሮፌሰሯን ራሳቸውን ፊት ለፊት “አልስማማም” ይሏቸዋል። እኔ መምህር ሲገባ ብድግ ብዬ፣ ካልጠሩኝ ሳልናገር ያደግኩ ነኝ። ተራዬን ስጠብቅ ርዕሱ ያልፋል። ባለፈው ሳምንት ፕሮፌሰሯ አስቀርተውኝ “አንብበህ ነው የምትመጣው?” አሉኝ። ማንበብማ አነባለሁ! ወረቀቶቼ በቢጫ ቀለም ተጥለቅልቀዋል።

ሐሳቤን አስቀድሜ ጽፌ ሄድኩ፤ ወረቀቱን ሳገላብጥ ወሬው ተቀየረ። ቢሯቸው ሄጄ ችግሬን ነገርኳቸው። “ዝም ብለህ ክርክሩ ውስጥ ግባ” አሉኝ። አንዴ ደፍሬ ገባሁ፤ አንዷን መሃል ላይ አቋረጥኳትና ክፍሉ ጭጭ አለ። እነሱ ሲያቋርጡ ምንም፣ እኔ ሳቋርጥ ጭጭ! (በነገራችን ላይ፣ ሰው አቅርቦ ሲጨርስ አያጨበጭቡም፤ ጠረጴዛ ያንኳኳሉ። የመጀመሪያ ቀን በሩን ዞሬ አይቻለሁ።)

እዚህ የተማራችሁ ልጆች፣ ክርክሩ ሲጦፍ ሰው ሳታስቀይሙ የምትገቡት ምን ብላችሁ ነው?