ጀነሬቲቭ ኤአይ ለትንሽ ላኪ ድርጅት፦ አረንጓዴ ሥራ ወይስ አረንጓዴ ቃል?

ጥያቄ፦
ሦስት ሆነን የጨርቅ ቦርሳ እያመረትን በኦንላይን ወደ አውሮፓ ገዢዎች እንልካለን። የምርት መግለጫውንና ለደንበኞች የሚላከውን ደብዳቤ በቻትጂፒቲ (ሲጠየቅ ጽሑፍ በሚያዘጋጅ የኤአይ፣ ማለትም የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ) ማሠራት ከጀመርን ወዲህ ሥራው ቀሎልናል። አሁን ደግሞ ገዢዎች ስለ ጥጡ አመጣጥና ስለ ማሸጊያው ይጠይቁናል። ባለሙያ ለመቅጠር አቅም ስለሌለን፣ ይኸው መሣሪያ ምርታችንን በእውነት ለአካባቢ የሚስማማ ለማድረግ ይረዳናል ወይስ ቃል ከማሳመር አያልፍም?

የመጀመሪያ መልስ፦
ውጤቱን በሜትር ለክተው ስለሚያዩት ከማሸጊያው ቢጀምሩ ይሻላል። ፈጣን የዕቃ አድራሽ ድርጅቶች ከዕቃው እውነተኛ ክብደትና ካርቶኑ በሚይዘው ቦታ ከሚሰላው ክብደት የሚበልጠውን ያስከፍላሉ፤ የተለመደው ስሌትም ርዝመት፣ ወርድና ከፍታን በሴንቲ ሜትር አባዝቶ ለ5,000 ማካፈል ነው። እኛ የምንጠቀምበት 40 በ30 በ20 የሆነ ካርቶን 4.8 ኪሎ ሆኖ ይታሰብ ነበር፤ በውስጡ ያለው ዕቃ ግን አንድ ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም። ዕቃው በምን በምን መንገድ ሊታጠፍ እንደሚችል ሞዴሉን (የኤአይ መሣሪያውን) ስንጠይቀው አሥር ያህል ሐሳብ አቀረበልን። አብዛኞቹ የማይረቡ ነበሩ (አንዱማ ጨርቁን እንደ ብርጭቆ ቆጥሮ በአረፋ ጠቅልሉት ይላል)፤ አንዱ ግን ወደ 30 በ25 በ12 አወረደን፣ 1.8 ኪሎ ማለት ነው። መቀስና ሜትር ይዘን የሞከርነው ግን እኛው ነን።

ሁለተኛ መልስ፦
እኔን የሚያሳስበኝ የምርት መግለጫው ነው። ሞዴሎቹ ብዙ የማስታወቂያ ጽሑፍ ስላነበቡ፣ ካልከለከሏቸው «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚለውን ሐረግ ሳይጠየቁ ይጨምራሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ደግሞ ከሴፕቴምበር 27 ቀን 2026 ጀምሮ ማስረጃ የሌላቸውን እንዲህ ያሉ ጥቅል መግለጫዎች ይከለክላል፤ የካርቦን ማካካሻ ስለተገዛ ብቻ (ማለትም ሌላ ቦታ ብክለት እንዲቀንስ ስለተከፈለ ብቻ) ምርቱ በአየር ንብረት ላይ ጉዳት የለውም ማለትም አይፈቀድም። ስለዚህ የአቅራቢውን የምስክር ወረቀት ለሞዴሉ ሰጥቼ፣ በሰነዱ ያለውን ብቻ እንዲጽፍና ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ገጹን እንዲጠቅስ አዝዘዋለሁ። አንድ ጊዜ ጥጡ የፈጀውን ውኃ በሊትር ቆጥሮ ጻፈልኝ፤ ሰነዱን ብፈትሸው «ውኃ» የሚል ቃል እንኳ አልነበረበትም።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ኤአይ ራሱስ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈጅ የለም እንዴ?

ሦስተኛ መልስ፦
ይፈጃል። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እንደገመተው፣ የዳታ ማዕከላት (ኤአይንና ሌሎች የኢንተርኔት አገልግሎቶችን የሚያስኬዱ ኮምፒውተሮች የሚገኙባቸው ሕንፃዎች) በ2024 እ.ኤ.አ. 415 ቴራዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ተጠቅመዋል፤ ይህም ከዓለም የኤሌክትሪክ ፍጆታ 1.5 በመቶ ያህል ሲሆን የኤአይ ድርሻ ከዚያ ውስጥ ከፊሉ ነው። ለእርስዎ ግን ጥቂት ጽሑፍ ማስጻፍ በአውሮፕላን ከሚላክ አንድ ጥቅል ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ይልቅ ማንም ያላነሳው ጉዳይ ተመላሽ ዕቃ ነው፤ አንድ ቦርሳ ሲመለስ ያንኑ ጉዞ ሁለት ጊዜ ይጓዛል። ገዢዎች በየቋንቋቸው የጻፉትን ቅሬታ፣ ስማቸውንና አድራሻቸውን አጥፍተው ለሞዴሉ ይስጡትና በምክንያት በምክንያት እንዲለያቸው ያድርጉ። እኛ ይህን ስናደርግ ከግማሽ የሚበልጠው ቅሬታ የቀለም ሆኖ ተገኘ፤ ጥፋቱም የራሳችን ነበር፣ ፎቶውን በኤአይ አስውበነው ቡናማው ቦርሳ ቀይ መስሎ ይታይ ነበር። በመስኮት ብርሃን እንደገና አነሳነው።