ግንብ ውስጥ የተረሳው የአትክልት ቦታ፦ ሰርዶው አሸነፈን

ሰላም ለሁላችሁ። ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ፣ ዙሪያውን በግንብ የታጠረ የአትክልት ቦታ ከጎረቤቶቼ ጋር በጋራ ልናለማ ተረክበን ነበር፤ አሁን ግን ግራ ገብቶናል።

ዋናው ራስ ምታት ሰርዶው ነው። ሁለት መደብ ቆፍረን አጸዳን፣ ሁሉም ደስ አለው፣ በሦስተኛው ሳምንት ግን መልሶ አረንጓዴ ሆነ። አንዱን ሥር ስስበው ክንድ የሚያህል ነጭ ገመድ ሆኖ ወጣ፣ በየአንጓው ቡቃያ አለው። ለካ በዶማ ስንቆራርጠው እያባዛነው ነው! ካርቶን አንጥፈን ኮምፖስት ብንደርብበት ይታፈናል? ወይስ የግድ ዓመት ሙሉ ጥቁር ላስቲክ ይልበስ? እስከዚያ ሰዉ ተስፋ ቆርጦ እንዳይበተንብኝ በጣም እፈራለሁ።

ግንቡ ደግሞ በኖራ የተሠራ ነው፤ መጋጠሚያው በጣት ሲነካ ይረግፋል። አንዳንዶቻችን በሲሚንቶ እንድፈነው ይላሉ። እኔ አልስማማም፣ ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ድንጋዩን ይጎዳዋል። በኖራ የጠገነ ሰው ካለ እባካችሁ የአሸዋውንና የኖራውን ልክ ንገሩኝ።

ግንቡ ሥር የድሮ ቀለም ፍርፋሪም አይተናል። እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል አፈሩ ሳይመረመር የሚበላ ነገር እንዳይተከል ብያለሁ። ናሙናው ከስንት ቦታ፣ ከምን ያህል ጥልቀት ይወሰድ?