የ«ጎ» ኃላፊ ጊዜ «ዌንት» የሆነው ለምንድን ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ 7ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎች ይህን ሲጠይቁኝ «ዝም ብላችሁ ሸምድዱት» ከማለት የተሻለ መልስ ይኖራል?

መልስ 1፦ አለ እንጂ! «ዌንት» መጀመሪያውኑ የ«ጎ» አልነበረም፤ «ዌንድ» ከሚባል ሌላ ግሥ የተወሰደ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ዊንዳን» ዞረ፣ ተጠመዘዘ ማለት ሲሆን «ዌንዳን» የዚያው ሥር አስደራጊ ነው፤ ልክ እንደ ዞረ እና አዞረ። ቆይቶ ፊትን አዙሮ መሄድ የሚል ትርጉም ያዘ። የ«ጎ» የጥንት ኃላፊ «ኤዮዴ» ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ «ዌንት» ቦታውን ወረሰ፤ «ዌንድ» ራሱ ደግሞ «ዌንዲድ» የሚል አዲስ ኃላፊ ወጣለት።

መልስ 2፦ መምህር፣ ሰሌዳው ላይ ሴንድ–ሴንት፣ ስፔንድ–ስፔንት፣ ቤንድ–ቤንት ብለው ከሥሩ ዌንድ–ዌንት ይጨምሩ። ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል። «ዲድ ዩ ዌንት» የሚለው ስህተት ግን በታሪክ አይታረምም፤ ኃላፊ ጊዜውን «ዲድ» ስለያዘው ቀጥሎ «ጎ» ብቻ እንደሚመጣ ለብቻው ማለማመድ ያስፈልጋል።

መልስ 3፦ ከአዳማ ነኝ። በእኛም ቋንቋ እኮ አለ፦ መጣ፣ ይመጣል እንልና ስናዝ «ና፣ ነይ፣ ኑ» ነው። ስንከለክል ደግሞ ተመልሶ «አትምጣ»!