ለገና ያቦካሁት የድፎ ሊጥ ኩፍ አልል ብሎ፣ ዳቦውም መሐሉ ጥሬ ቀርቶብኛልና ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። ያደግሁት እናቴ ለገና ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል ስትጋግር እያየሁ ቢሆንም፣ ያን ጊዜ የእኔ ድርሻ ቅጠል መወልወልና ፍም ማቀበል ብቻ ስለ ነበር ሙያውን በእጄ ሳልይዘው ቀረሁ። ባለፈው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ሞከርሁና አልተሳካልኝም። ታኅሣሥ 27 ማታ የ2 ኪሎ ዱቄት ሊጥ አቡክቼ ባሳድረው፣ ጠዋት ስከፍተው ከነበረበት ከፍ አላለም። የበዓል ዋዜማ ስለ ሆነ ቸኩዬ በኤሌክትሪክ ምጣድ ጋገርሁት፤ ከታች አርሮ፣ ከላይ ነጭ ሆኖ፣ መሐሉ ሊጥ እንደ ሆነ ቀረ። በማግሥቱ ባለቤቴ ባርኮ ሲቆርሰው ቢላዋው ሊጥ ይዞ ወጣ። ልጆቹ ምንም ባይሉም እኔን እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ዱቄቱ ስንዴ ገዝቼ ራሴ ያስፈጨሁት ነው። ዳቦው ነጣ እንዲልልኝ ብዬ ግማሽ ኪሎ የሚሆነውን የፎገራ ሩዝ ዱቄት አድርጌው ነበር። ኦቨን የለኝም፤ ያለኝ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የከሰል ምድጃና አንድ ወፍራም ብረት ድስት ነው። ሊጡን መቼና እንዴት ላቡካ? እሳቱንስ እንዴት ልያዘው? ከዚህ ሌላ፣ ልጆቼ ከእኔ ጋር መጋገር ስለሚወዱ፣ ጾሙ ሳይፈታ ሊቀምሱት የሚችሉት፣ እንቁላልም ወተትም ቅቤም የሌለበት ብስኩት ብታሳዩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የልጅ ልጆች ያየሁ እናት፣ ባሕር ዳር

ልጄ፣ አይዞሽ። ባሕር ዳር ሞቃት አገር ነው ስለምንል የታኅሣሥን ሌሊት እንረሳዋለን። ቀን ፀሐዩ ቢያቃጥልም የሌሊቱ ብርድ ወጥ ቤቱን ያቀዘቅዘዋል፤ ሊጥ ደግሞ እንደ ሕፃን ብርድ አይወድም። እኔ በክረምትና በታኅሣሥ ሊጥ አላሳድርም። ታኅሣሥ 28 ጎህ ሲቀድ አቡክቼ፣ ከድኜ በጋቢ ጠቅልዬ፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ አስቀምጠዋለሁ፤ እስከ እኩለ ቀን ይደርሳል። በዚያው ጠዋት እንጀራ የምትጋግሪ ከሆነ፣ ጋግረሽ ስትጨርሺ ሙቀቱ ካልለቀቀው ምጣድ አጠገብ አኑሪው፤ ምጣዱ ላይ ግን አታስቀምጪው፣ ከታች ይበስልብሻል።

ቅጠሉን ነገር ማንም ሳይነግርሽ እንዳይቀር አደራ። በዋዜማው ገበያ የሚገኘው ኮባ የተቀደደና የተራገፈ ስለሆነ ሁለት ቀን አስቀድመሽ ግዢ። ሁለቱንም ገጽ በእርጥብ ጨርቅ ወልውይው፤ ወፍራሙን የመሐል አጥንት በቢላዋ ላጪው፤ ከዚያ በእሳት ላይ ቶሎ ቶሎ እያሳለፍሽ አለብልቢው። ሳይለበለብ ከታጠፈ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም ሊጡ ወርዶ ምጣዱን ይይዛል። ሲለበለብ ቀለሙ ይጠቁራል፣ እንደ ጨርቅም ይለዝባል። አንዱን ባንዱ ላይ ደርበሽ፣ ጫፎቹ ከምጣዱ ውጭ እንዲተርፉ አድርገሽ አንጥፊው፤ የተረፈው ተመልሶ ሊጡን ይሸፍነዋል። ኮባ ከጠፋ የሙዝ ቅጠል ይሆናል፣ ነገር ግን ስስ ስለ ሆነ እጥፍ አድርጊው።

ወተትና እንቁላል በድፎ ውስጥ የሚያደርጉ አሉ፤ እኔ አላደርግም። በጾም የተጋገረ ነውና ያለ ስጋት እየቀመስሽ ታስተካክይዋለሽ፣ ቶሎም አይበላሽም። ጥቁር አዝሙድ፣ ድንብላልና ጥቂት ኮረሪማ ይበቃዋል።

መልስ፦ ዳቦ ጋጋሪ፣ ባሕር ዳር

እናታችን ስለ ብርዱ የተናገሩት ልክ ነው፤ ነገር ግን ሊጥዎ ያልተነሣው በብርድ ብቻ አይመስለኝም። ሊጥን የሚያነሣው እርሾው የሚያወጣው አየር ነው፤ ያን አየር አፍኖ የሚይዘው ደግሞ በስንዴ ውስጥ ያለው፣ ሲታሽ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው ግሉተን የሚባለው ነገር ነው። ሩዝ ይህ የለውም። የፎገራን ሩዝ ከጤፍ ጋር ለእንጀራ መቀላቀል የተለመደና መልካም ነገር ነው፣ ለድፎ ግን ሩብ ያህሉን ሩዝ ካደረጉት የሚወጣው አየር ሁሉ ያመልጣል። ዘንድሮ ሩዙን ይተዉት። ዳቦዎ ነጣ እንዲል ከፈለጉ ግማሹን የፉርኖ ዱቄት ያድርጉት።

ለ2 ኪሎ ዱቄት 20 ግራም ደረቅ እርሾ፣ ማለትም 2 የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ 2 ለጥ ያለ የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ወይም ማር፣ አንድ ሲኒ ዘይት ይበቃል። ውሃው በዱቄቱ ይወሰናል፤ የወፍጮ ዱቄት ብዙ ውሃ ስለሚጠጣ ከ1.3 እስከ 1.4 ሊትር ሊፈልግ ይችላል፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ። ከሁሉ በፊት እርሾውን ይፈትኑት። ለብ ባለ ውሃ በአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጠው 10 ደቂቃ ሲጠብቁት አረፋ ካልደፈቀ ሞቷልና ዱቄትዎን አያባክኑበት። ውሃው እጅን የሚያቃጥል ከሆነም እርሾውን ይገድለዋል። ከዚያ ሊጡን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይሹት፤ ቆንጥረው ሲለጥጡት ሳይበጠስ ከሳሳ ደርሷል። እጥፍ እስኪሆን ይጠብቁት፣ አየሩን አውጥተው ቅጠሉ ላይ ያድርጉት፣ እንደገናም ግማሽ ሰዓት ያህል ያሳርፉት። ብዙ ሰው ይህን ሁለተኛውን ዕረፍት ስለሚዘለው ዳቦው ይደርቅበታል።

መልስ፦ የቤት እመቤት፣ ጎንደር

እኔም እንደ እርስዎ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻ ነበረኝና ስለ እሳቱ የማውቀውን ልንገርዎ። እናቶቻችን ድፎ ሲጋግሩ ከታች እሳት፣ ከላይ በብረት ክዳን ላይ ፍም ያደርጉ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን የሚሞቀው ከታች ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁለት ነገር አንዱ የግድ ነው፤ ወይ ዳቦውን መገልበጥ፣ ወይ ከላይ ፍም ማድረግ።

እኔ የ2 ኪሎውን ሊጥ ለሁለት ከፍዬ በየተራ እጋግረዋለሁ፤ ወፍራም ዳቦ ሙቀት ወደ መሐሉ ሳይደርስ ከታች ስለሚያርር ነው። ምጣዱን 10 ደቂቃ አግዬ አጠፋዋለሁ፤ በሦስት ድርብ ቅጠል ላይ ሊጡን አድርጌ ከከደንሁ በኋላ መልሼ አበራዋለሁ። ከዚያ 10 ደቂቃ እያበራሁ፣ 5 ደቂቃ እያጠፋሁ 40 ደቂቃ ያህል አቆየዋለሁ። ፊቱ ሲደርቅ በሌላ ቅጠል ሸፍኜ በሰፌድ እገለብጠውና ሌላ 25 ወይም 30 ደቂቃ እጨምርበታለሁ። በቀጭን ስንጥር ስወጋው ስንጥሩ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ፣ ጀርባውን በጣት ስመታውም ባዶ ዕቃ እንደሚመታ ከጮኸ በስሏል። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሁሉም ቤት ስለሚጋግር መብራቱ ይደክማል፣ አንዳንዴም ይጠፋል፤ እኔ ከእኩለ ቀን በፊት ለመጨረስ እጣጣራለሁ። ከሰል አቀጣጥሎ ማቆየትም አይከፋም፤ ብረት ድስትዎ ለዚህ ይሆናል።

መልስ፦ የምግብ ሳይንስ የተማርሁ፣ ባሕር ዳር

ስለ ብስኩቱ ማንም ስላልመለሰ እኔ ልሞክር። አስቀድሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በኢንተርኔት የምናገኛቸው አብዛኞቹ የኬክና የብስኩት መመጠኛዎች የተጻፉት ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ለማይል አገር ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ በሊጥ ውስጥ ያለው አየርም ከሚገባው በላይ ይነፋል። ኬክ ከፍ ብሎ ተነሥቶ መሐሉ የሚሰምጠው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ መመጠኛው ላይ ካለው ቤኪንግ ፓውደር ሩብ ያህሉን ይቀንሱ፣ ፈሳሹንም ትንሽ ይጨምሩ።

ለጾም ብስኩት ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ 150 ግራም ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ቁንጥር ጨው ይቀላቅሉ። 150 ሚሊ ሊትር ዘይት ጨምረው ዱቄቱን በጣት እስኪፈረፈር ይሹት፤ ከዚያ 100 ሚሊ ሊትር ያህል የብርቱካን ጭማቂና የሎሚ ልጣጭ ፍቅፋቂ ያክሉበት። የዘጌ ሎሚ ካገኙ መዓዛው ቤቱን ይሞላዋል። እንደ ድፎ አይሹት፤ ብዙ ከታሸ ይደነድናል። ልጆቹ በብርጭቆ አፍ ይቁረጡት፣ ሰሊጥም ይነስንሱበት። ብረት ድስቱ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ደረቅ አሸዋ አድርገው ያግሉት፣ ብስኩቱን በሳህነ ብረት ላይ ደርድረው አሸዋው ላይ ያስቀምጡት፣ ክዳኑን ገጥመው ጥቂት ፍም ከላይ ያድርጉ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ሲወጣ ለስላሳ ነው፣ ሲበርድ ይጠነክራል፤ አልበሰለም ብለው አይመልሱት።

ከጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ በግማሽ ኪሎ ዱቄት ሞከርሁት። እርሾዬ አረፋ አላወጣም፤ ለካ ባለፈው ዓመትም የተጠቀምሁበት ያው ከተከፈተ ብዙ ጊዜ የሆነው ነበር። አዲስ ገዝቼ ያለ ሩዝ ሳቦካው በሦስት ሰዓት ውስጥ እጥፍ ሆነ። መሐሉ ደህና በስሏል፤ ከታች ግን አሁንም ትንሽ ጠቆር ብሏል። ብስኩቱን ልጆቼ ሲጋግሩ ዋሉ፤ ትንሿ በጾም የሚበላ መሆኑን ሦስት ጊዜ ካረጋገጠች በኋላ ቀመሰችው።

መልስ፦ የልጅ ልጆች ያየሁ እናት፣ ባሕር ዳር

ጎበዝ ልጄ። ከታች የጠቆረው ማር አድርገሽ ከሆነ በማሩ ነው፤ ማር ቶሎ ያጠቁራል፣ ግማሹን ቀንሺው። የቅጠሉንም ድርብ ወደ አራት አድርሺው። ከምጣዱ ስታወጪው ከነቅጠሉ በንጹሕ ነጠላ ጠቅልለሽ ሰፌድ ላይ አስቀምጪው፣ እንፋሎቱ ቅርፊቱን ያለዝበዋል። ከቤተ ክርስቲያን እስክትመለሱ ድረስ አትፍቺው፤ ቅጠሉን ልጆቹ ይግለጡት።