ፎርኤቨር 21ን የጣለው ሺን ነው ወይስ ኪራይ?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካው የርካሽ ልብስ ሻጭ ፎርኤቨር 21 ማርች 2025 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ለሁለተኛ ጊዜ መክሰሩን አስታውቆ አሜሪካ ውስጥ የነበሩትን መደብሮች ዘግቷል። ጣቱን የቀሰረው በኢንተርኔት ርካሽ ዕቃ በሚሸጡት ሺን እና ቴሙ ላይ ነው። ግን 2019 ላይም ከስሮ ነበር፤ ያኔ ቴሙ ጭራሽ አልነበረም። ትክክለኛው ምክንያት የቱ ነው? ያኔ ከስሮ ከሆነስ 5 ዓመት እንዴት ቆየ?

ሒሳብ ሹም
2019ን የሚያስረዳው የወለል ስፋት ነው። ከኮሪያ የመጡት ባልና ሚስት ዶ ዎን ቻንግ እና ጂን ሱክ ቻንግ 1984 ሎስ አንጀለስ ላይ «ፋሽን 21» ብለው የከፈቱት ሱቅ 900 ስኩዌር ፊት፣ ማለትም 84 ካሬ ሜትር ገደማ ነበር። ከአምራች የተረፈውን በርካሽ ያነሳሉ፣ የተወደደውን ቶሎ ይደግማሉ፣ ያልሄደውን አርክሰው ያስወጣሉ። ቢሳሳቱም ኪሳራው ትንሽ ነው።

2019 ላይ አማካዩ መደብር 38,000 ስኩዌር ፊት ደርሷል። 2010 ታይምስ ስኩዌር ላይ የተከፈተውማ 90,000 ነው! ይህን ያህል ወለል ባዶውን አይቀመጥም፤ የወንድ፣ የሕፃናት፣ የመዋቢያ ዕቃ እየተባለ ይሞላል። የሚሞላው ግን ፈላጊ ስላለ ሳይሆን መደርደሪያ ስላለ ነው፤ የተረፈው በቅናሽ ይራገፋል።

ቅናሹ እንዴት እንደሚበላ እዩ (ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፣ የእነሱ አይደለም)። በ9 ዶላር የተገዛ ልብስ በ20 ሲሸጥ 11 ይተርፋል። 30 በመቶ ሲቀነስ በ14 ይሸጥና 5 ይተርፋል። ዋጋው በ30 በመቶ ወረደ፣ ትርፉ ግን ከግማሽ በላይ ሄደ። ያንኑ 11 ዶላር ለማግኘት ከሁለት ልብስ በላይ መሸጥ አለበት፤ ኪራዩ ግን ያው ኪራይ ነው። በዚህ ላይ 6 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከ7 አገር ወደ 47 አገር መሄዳቸውን ጨምሩበት።

ውል አዋቂ
5 ዓመት ያቆዩት አከራዮቹ ናቸው።

ሴፕቴምበር 2019 የኪሳራ ማመልከቻው የገባው በአሜሪካ የኪሳራ ሕግ ምዕራፍ 11 ነው፤ ድርጅት ሥራውን ሳያቆም ዕዳውን የሚያስተካክልበት ክፍል ማለት ነው። በዚያ ሕግ ተከራይ የማያዋጣውን የኪራይ ውል ጥሎ መውጣት ይችላል። አከራዩ የቀሪውን ዘመን ኪራይ በሙሉ መጠየቅ አይችልም፤ የካሳው ጣሪያ የ1 ዓመት ኪራይ ወይም የቀሪው ዘመን 15 በመቶ (ከ3 ዓመት ሳይበልጥ)፣ ከሁለቱ የበለጠው ነው። ያንንም የሚጠብቀው ዋስትና ከሌላቸው አበዳሪዎች ጋር ተሰልፎ ነው። በተጨማሪም ብዙ የገበያ ማዕከል ውሎች ላይ ትልቁ ተከራይ ከወጣ ጎረቤቶቹ ኪራይ እንዲቀነስላቸው የሚፈቅድ አንቀጽ አለ። አንድ ትልቅ መደብር ሲዘጋ የሚቀረው ገቢ የአንድ ሱቅ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ የገበያ ማዕከሎች ባለቤት የሆኑት ሳይመን እና ብሩክፊልድ የንግድ ስሞችን እየገዛ ከሚያከራየው ኦተንቲክ ብራንድስ ጋር ሆነው ፌብሩዋሪ 2020 ላይ ድርጅቱን በ81 ሚሊዮን ዶላር ገዙት። በደህናው ጊዜ በዓመት ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይሸጥ ለነበረ ድርጅት ይህ የዕቃ ማንሻ ዋጋ ነው። 2016 ሳይመን እና ኦተንቲክ ኤሮፖስታል የተባለውን የልብስ ሻጭም እንዲሁ ከሌሎች ጋር ሆነው ገዝተዋል። በእኔ ግምት አከራይ ባለቤት ሲሆን «ይህ መደብር ያተርፋል?» የሚለው ጥያቄ «ይህ ቦታ ባዶ እንዳይሆን» በሚለው ይዋጣል። ወሩ ሳይሞላ ደግሞ ኮሮና መጣ።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ፣ ገባኝ። እንግዲያው እነ ሺን እስከ 800 ዶላር ያለቀረጥ ያስገቡ ነበር የሚባለው ነገር ሰበብ ብቻ ነው ማለት ነው?

ቀረጥ ተመን
ኧረ አይደለም! ከውጭ በቀጥታ ለገዢው የሚላክ እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ፓኬት (2016 ድረስ ጣሪያው 200 ነበር) ለአንድ ሰው በቀን ያለቀረጥ ይገባ ነበር። በኮንቴይነር የሚያስገባው ባለ መደብር ግን ይከፍላል፤ መደበኛው ተመን በጥጥ ቲሸርት 16.5 በመቶ፣ በሰው ሠራሽ ክር 32 በመቶ ነው። የሚሰላው በመግቢያ ዋጋው ላይ ስለሆነ ሒሳብ ሹም ያነሳው ባለ 9 ዶላር ልብስ ሰው ሠራሽ ቢሆን 2.88 ዶላር ይጨመርበታል። ከዚያ በቅናሽ ሲሸጥ ከቀረችው 5 ዶላር ላይ ቀንሷት።

ግን ቀረጡን ብቻ አትዩ። ሺን አዲስ ሞዴል ሲያወጣ መጀመሪያ የሚያሰፋው ከ100 እስከ 200 ፍሬ ነው፤ ከሄደ ይደግማል፣ ካልሄደ ይተዋል። ይህ የ84 ካሬ ሜትሩ ሱቅ ዘዴ ነው፣ ያለ ሱቅ። 2023 ላይ ከሺን ጋር ስምምነት ተደርጎ የሺን ደንበኞች የሚመልሱትን ዕቃ ፎርኤቨር 21 መደብር ውስጥ መቀበል ተጀምሮ እንደነበርም አትርሱ።

አንድ እርማት፦ የከሰረው የአሜሪካ መደብሮቹን የሚያንቀሳቅሰው ኩባንያ ነው። የንግድ ስሙ የኦተንቲክ ስለሆነ በሌሎች አገሮች በፈቃድ መሸጡ አልቆመም። ከቻይና እና ከሆንግ ኮንግ ለሚመጡ ፓኬቶች የነበረው ነፃነት የተነሳው ደግሞ ሜይ 2, 2025 ነው፤ ማመልከቻው ከገባ 7 ሳምንት ገደማ በኋላ።